ብርድ ጀልባ አይገድልም

በስቶክሆልም ዙሪያ ባሕሩ ላይ 30,000 ያህል ደሴቶችና ድንጋያማ ጉብታዎች ተበትነዋል። ሰው የሚያውቃቸው በሐምሌ ፎቶ ነው፦ ነጭ ሸራ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ጥድ የበቀለበት ድንጋይ። ፎቶው ውሸት የለበትም፤ የሚያሳየው ግን ግማሹን ነው። እዚያ አገር ያለች ባለሸራ ጀልባ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ አንዳንዷም እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ የምትኖረው የብስ ላይ ነው፤ ምሰሶዋ ወርዶ፣ በብረት መደገፊያ ተይዛ፣ ላስቲክ ለብሳ፣ በረዶ ተጭኗት። (ወራቱንም ዓመታቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይያዙልኝ።) ከዕድሜዋ የሚበልጠውን ጊዜ እንዲህ ሆና ነው የምታሳልፈው። ይህን ጊዜ ፎቶ የሚያነሳው ሰው የለም፤ ጨዋታ ላይም የሚያነሳው የለም። እኔ ግን ጀልባ እወዳለሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ በሐምሌ የት የት እንደ ደረሰ አልጠይቀውም። በጥር ሽፋኑን ገልጦ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ነው የምጠይቀው። አብዛኛው ወሬ ይቀይራል።

ብዙ ሰው የጀልባ ጠላት ብርዱ ይመስለዋል። ፋይበርግላስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን ምንም አይለውም፤ እርሳሱም፣ ብረቱም፣ እንጨቱም እንደዚያው። ጀልባ የሚያበላሹት የቆመ ውሃና የቆመ አየር ናቸው። ውሃው ይረጋና ይሰነጥቃል፤ አየሩ ይታፈንና ያበሰብሳል። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ ይፈራዋል፤ ሁለተኛውን የሚፈራ ግን እምብዛም አላየሁም። እንዲያውም ብዙዎች ገንዘብ ከፍለው ይገዙታል፤ እንዴት እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። ጀልባዋ በክሬን ትወጣለች፤ ሆዷ በግፊት ውሃ ይታጠባል፤ ምሰሶው ይወርዳል፤ ሸራው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ቤት ይገባል። ይህን የማያውቅ ጀልባ አይግዛ። የሆዷን ቀለም በተመለከተ ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ዛጎልና አልጌ እንዳይለጠፍባት ድሮ ይቀባ የነበረው፣ ቲቢቲ የሚባል ውህድ ያለበት መርዛም ቀለም፣ በስዊድን ለትናንሽ ጀልባዎች የተከለከለው በ1989 ነው። አሮጌ ጀልባ ላይ ግን ከአዲሱ ቀለም ሥር ተሸፍኖ ዛሬም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የአሮጌ ጀልባ ሆድ በደረቁ በማሽን ፈግፍጎ አቧራውን ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ላይ የሚበትን ሰው ሲታይ ዝም ሊባል አይገባም። እኔ ዝም አልልም።

የጀልባ ክለብ ሲባል ነጭ ሱሪ የለበሱ ባለጸጎች ለሚታዩት ሰውም አንድ ቃል ልበል። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ክለቦች የአስተማሪው፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ የጡረተኛው ናቸው። ሥራው በደቦ ነው። በጥቅምት አንድ ቅዳሜና እሑድ ክሬን ተከራይተው፣ ተራ ገብተው፣ አንዱ ገመድ ይዞ፣ አንዱ መደገፊያ ሲያስተካክል፣ አንዱ ቡና ሲያፈላ፣ የሁሉም ጀልባ ይወጣል። አባል የሆነ ሰው በዓመት የተወሰነ ጊዜ የመሥራት ግዴታ አለበት፤ ብዙዎቹ ክለቦች ደግሞ የሌሊት ጥበቃ ተራም ያስወጣሉ። በጥር ሌሊት የእጅ ባትሪ ይዞ፣ ሁለት ሆኖ፣ በተሸፈኑ ጀልባዎች መሃል መዞር ማለት ነው። እግር ይቆፈናል። ነገር ግን ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ነፋስ ባለበት ሌሊት የትኛው ባለቤት ሰነፍ እንደሆነ በጆሮ ይታወቃል፤ በደንብ ያልታሰረው ላስቲክ እስኪነጋ ሲደበደብ ያድራል።

ወደ ውሃው ልመለስ። ከሞቃት ባሕር የመጣ ሰው «የባሕር ውሃ ጨው ስላለው በቀላሉ አይረጋም» ይላል። የባልቲክ ባሕር ግን ስሙ ብቻ ነው ባሕር። ስቶክሆልም አካባቢ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ጨው 6 ግራም ያህል ነው፤ ውቅያኖስ ላይ 35 ይደርሳል። ስለዚህ ውቅያኖስ ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ እስኪጠጋ ሲታገሥ፣ ይኼኛው ዜሮን ጥቂት እንዳለፈ ይረጋል። ከተማውን በምዕራብ በኩል የሚያዋስነው የሜላረን ሐይቅማ ጨው የሚባል የለውም። ውሃ ሲረጋ ደግሞ በመጠን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ በዙሪያው ያለው ነገር ቢለቅለትም ባይለቅለትም ይሰፋል። ሞተሩ ውስጥ፣ መጸዳጃው ቱቦ ውስጥ፣ የመጠጥ ውሃ ፓምፑ ውስጥ፣ በመሪው ክንፍ ውስጥ ሰርጎ የገባ ውሃ ሁሉ ይኼንኑ ያደርጋል። መሪው ከሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊት የተሠራና ውስጡ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ እንደ መጽሐፍ ሊገለጥ ይችላል፤ በጥቅምት ከታችኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ ማፍሰስና በጸደይ መድፈን የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

በሆዷ በኩል ያሉት ባለ ኳስ ቫልቮች ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እነሱ ላይ ነው። ቫልቩ ውስጥ መሃሉ የተበሳ የብረት ኳስ አለ። እጀታው ከቧንቧው ጋር ሲስተካከል ቀዳዳው ከቧንቧው ጋር ይገጥምና ውሃ ያልፋል፤ እጀታው ሩብ ዙር ሲዞር ቀዳዳው ወደ ጎን ይዞርና ውሃው ይቆማል። ታዲያ በሚዘጋበት ቅጽበት ቀዳዳው ውስጥ የነበረው ውሃ የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ኳሱ ሆድ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ጉንጭ የማይሞላ ውሃ ነው። ውርጭ ሲመጣ ግን ያችው ጉንጭ የማትሞላ ውሃ የቫልቩን አካል ከውስጥ ትሰነጥቀዋለች። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ በዓይን አይገኝም። የሚገኘው በግንቦት፣ ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትወርድ፣ ባለቤቱ ሻምፓኝ ሊከፍት ሲያጎነብስ ነው። የብስ ላይ ላለች ጀልባ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቫልቮቹን መክፈት፣ ጥቂት ጊዜ ማመላለስ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ጠብቆ ክፍት መተው። «ሁሉንም ዝጋ» የሚለው ምክር ውሃ ላይ ለምትከርም ጀልባ የተሰጠ ነው፤ ሰው ግን ምክር ሲሰማ ለማን እንደተሰጠ አይጠይቅም።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውሃ የሚያልፍበት መስመር በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ቀጥሎ አንቲፍሪዝ እስኪወጣ ድረስ ይሳብበታል። ያገለገለ ዘይት አሲድ ስላለው በጸደይ ሳይሆን በመኸር ይቀየራል፤ ከርሞ ብረቱን እንዳይበላ። አንቲፍሪዝ በበዛ ቁጥር ይሻላል ለሚለው ወንድሜ ደግሞ ይኼን ልንገረው፦ ንጹሕ ኤቲሊን ግላይኮል ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ላይ ራሱ ይረጋል። ከውሃ ጋር 60 ለ40 ሲደባለቅ ነው ከዜሮ በታች 45ን አልፎ የሚሄደው። ሳይቀላቅሉ መጨመር ገንዘብን ጥሎ ሞተርን ለውርጭ መስጠት ነው። ደግሞም ኤቲሊኑ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ድመትና ውሻ ልሶት ይሞታል። ወደ ባሕር በሚወጣው መስመር ውስጥ የሚገባው ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው፣ ጉዳቱ እጅግ የሚያንሰው ነው። ባትሪውም እንዲሁ ነው፤ ሙሉ የተሞላ የእርሳስ ባትሪ የስቶክሆልምን ብርድ ከቁብ አይቆጥረውም፤ የተራገፈው ግን ከዜሮ በታች 10 ሳይደርስ ሊረጋና ሊፈነዳ ይችላል። ሞልቶ፣ ገመዱን ነቅሎ መተው ነው።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ገባሁ፤ ወደ ሽፋኑ።

እዚያው ከተማ የሚኖር አንድ የአገሬ ልጅ በርካሽ አሮጌ ጀልባ ገዛ። ጎበዝ ነው፤ እጁ ሥራ ያውቃል። ኅዳር ላይ ይዩልኝ ብሎ ወሰደኝ። ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሏታል። ጠርዙን በቴፕ አሽጎታል፤ ከሆዷ ጋር የሚገናኝበትን በገመድ ጠፍሮታል።

«ጋሼ፣ ይዩት፤ አንዲት ጠብታ አትገባም።»

«እሱስ አትገባም። የገባችውስ በየት ትወጣለች?»

«ምን ገብቶ?»

ቴፑን ልጠን ገባን። በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብታዎች ተሰልፈዋል፤ አንዷን በጣቴ ስነካት ጎረቤቶቿን እየሰበሰበች መጥታ እጅጌዬ ውስጥ ገባች። ጓዳው ውስጥ አየሩ ይከብዳል፤ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ የተከመረበት ክፍል ይሸታል። ፍራሹን ከፍ ሳደርገው ከሥሩ ግራጫ ነቁጥ ጀምሯል። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። «ከየት መጣ? ዝናብ እንኳ አልነካትም እኮ!» አለ። እውነቱን ነው፤ አልነካትም። ትኩስ እንጀራ በላስቲክ አሽጎ ያስቀመጠ ሰው ግን መልሱን ያውቀዋል፤ ውሃው የመጣው ከውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም የሚደርስ እርጥበት በትነት መልክ ይሸከማል። ዜሮ ላይ ሲደርስ የሚሸከመው ከ5 ግራም ያንሳል፤ ከዜሮ በታች 10 ላይ 2 ግራም ብቻ። የቀረው የግድ አንድ ቦታ ላይ መውረድ አለበት፤ የሚወርደውም ከሁሉ በቀዘቀዘው ነገር ላይ ነው። ቀን ፀሐይ ላስቲኩን ትመታዋለች፤ ከሥሩ ያለው አየር ይሞቃል፤ ከፍራሹ፣ ከምንጣፉ፣ ከእንጨቱ፣ ከወለሉ ሥር ከቀረችው ኩሬ እርጥበት ይጠጣል። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ላስቲኩ በዙሪያው ካለው አየር የባሰ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም አመዳይ ሆኖ ይለጠፍበታል። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ አመዳዩ ይቀልጥና የጀልባዋ የላይኛው ወለል ላይ ይንጠባጠባል። ውጭ ጠራራ ሆኖ ከሽፋኑ ሥር ይዘንባል። የታሸገ ስለሆነ ያ ውሃ የትም አይሄድም፤ በማግስቱ ይነሳል፤ ማታ ይወርዳል። ወሩን ሙሉ ያው ውሃ ያንኑ ጀልባ ይደበድባል።

ከሁሉ የሚከፋው ብርዱ ሲሰበር ነው። በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ከምዕራብ ለስላሳ፣ እርጥብ ነፋስ ይመጣል። ሰው «ተመስገን፣ ሞቀ» ይላል። የጀልባዋ ኪል ግን፣ ከሥሯ ሆኖ ሚዛኗን የሚጠብቀው ከባዱ ብረት ወይም እርሳስ፣ የጥርን ብርድ ገና በሆዱ ይዞታል፤ ሞተሩም እንዲሁ። እርጥቡ አየር እነዚህን ሲነካ ያልባቸዋል። በዚያ ሳምንት የሞተሩን ክዳን ከፍቶ እጅን ማሳረፍ ነው፤ ብረቱ ዝናብ እንደመታው ይርሳል። ዝገት የሚጀምረው በዚያች ሳምንት ነው እንጂ በታኅሣሥ ውርጭ አይደለም። አየር የሚዘዋወርባት ጀልባ ከውጭው ጋር ቶሎ ትስማማለች፤ በቀናት ትደርቃለች። የታሸገችው እስከ ግንቦት ላቧን ተሸክማ ትቆያለች።

ስለዚህ ሽፋን ማለት ጣሪያ እንጂ ከረጢት ማለት አይደለም። መሃሉን ከፊት እስከ ኋላ የሚያያይዝ ከፍ ያለ አግዳሚ እንጨት ይዘረጋል፤ ከእሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ወራጆች ይደረደራሉ፤ ላስቲኩ በላያቸው ይወጠራል። በረዶው ሳይቀመጥ እንዲንሸራተት ቁልቁለቱ ከ45 ዲግሪ ባያንስ ጥሩ ነው። የፊቱና የኋላው ጫፍ ክፍት ይተዋል፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በጎንም በላስቲኩና በጀልባዋ መሃል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኖራል። ላስቲኩ የሚፈተግበት ሹል ነገር ሁሉ አሮጌ ምንጣፍ ይጠመጠምበታል። ውስጥ ደግሞ የሚዘጋ ነገር መኖር የለበትም፤ የወለሉ ጣውላ ይነሳል፤ ቁም ሳጥኑ፣ መሳቢያው፣ ማቀዝቀዣው ይከፈታል፤ ፍራሹ ቤት ይሄዳል፤ ካልሆነም በጎኑ ይቆማል። ከዜሮ በታች ያለች ጀልባ ውስጥ መኝታ አንጥፎ መሄድ ለማን ነው? ለአይጥ ከሆነ አዎ፤ አይጥ ታመሰግናለች።

«ክፍት ከሆነማ በረዶ ይገባል» የሚል አይጠፋም። ይግባ። በብርድ ቀን በነፋስ የሚገባው በረዶ ደረቅ ዱቄት ነው፤ በመጥረጊያ ይወጣል። ታሽጎ የቀረ እርጥበት ግን በመጥረጊያ አይወጣም።

ማሞቂያ ትቶ መሄድም ሌላው ስንፍና ነው። ያሞቁት አየር ይበልጥ እርጥበት ይሸከምና ጥግ ላይ፣ ከሁሉ የቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ ያራግፈዋል። ያ ባይሆን እንኳ ሰው በሌለበት ጀልባ ውስጥ፣ ላስቲክ ለብሰው ጎን ለጎን በቆሙ ጀልባዎች መሃል፣ የሚነድ ማሞቂያ ማለት የጎረቤትን ንብረት ለእሳት መስጠት ነው። ብዙ ክለቦች ባለቤቱ በሌለበት የኤሌክትሪክ ገመድ ተሰክቶ እንዲያድር አይፈቅዱም፤ በሌሊት ጥበቃ ላይ ያገኘሁትን እኔም እነቅላለሁ። እርጥበት መጣጭ ማሽኑም ቢሆን እንደ ማቀዝቀዣ የሚሠራው ዓይነት ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይዳከማል፤ በሻጮቹ ማስታወቂያ ላይ ግን ይህ በትልቁ አይጻፍም።

የአየርን ነገር አጋነነ የሚል ሰው ካለ እዚያው ከተማ ያለውን የቫሳ ሙዚየም ይጎብኝ። ቫሳ የተባለው የስዊድን ንጉሥ የጦር መርከብ በነሐሴ 10፣ 1628 የመጀመሪያ ጉዞውን ጀምሮ ገና ከወደቡ ሳይርቅ ሰጠመ። በሚያዝያ 24፣ 1961 ሲወጣ እንጨቱ ቆሞ ተገኘ፤ የባልቲክ ውሃ ጨው ስለሚያንሰው እንጨት የሚበላው የባሕር ትል እዚያ ኑሮ አያገኝም። ከዚያ ለ17 ዓመታት ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ተረጨበት፤ ከሞተራችን አንቲፍሪዝ ጋር ሥጋ ዘመድ የሆነ ነገር ነው። በ2000 ከእርጥብ በጋ በኋላ እንጨቱ ላይ አሲድነት ያላቸው ጨዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ሙዚየሙም የአየር መቆጣጠሪያውን ማደስ ግድ ሆነበት። ለ333 ዓመታት ውሃ ውስጥ ተኝቶ የቆየ መርከብ ያስቸገረው የእርጥበት ከፍና ዝቅ ማለት ነው። የዚያን መርከብ ያህል ጠባቂ የሌላት የእኛ ትንሽ ጀልባ ታዲያ ምን ትበል?

እዚህ ላይ የእንጨት ጀልባ ያላቸው ቅር እንዳይላቸው። አየር ይዙር ማለት ይድረቅ ማለት አይደለም። በአካባቢው በጣም የምትወደደው ፎልክቦት የተባለችው ጀልባ፣ የመጀመሪያዋ በ1942 ውሃ ላይ የወረደችው፣ ሳንቃዎቿ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየደረበ የተሠራች ናት። እንዲህ ያለችውን ሞቃት አዳራሽ ውስጥ ማክረም እንክብካቤ ይመስላል፤ ጉዳት ነው። ሳንቃው ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል። እሷ የምትፈልገው ውጭውን፣ ብርዱን፣ ጣሪያና ነፋስን ነው። ከአጠገባችን የእንጨት ጀልባ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ሚያዝያ ሲገባ ከውስጥ በኩል አሮጌ ጆንያ አንጥፈው ውሃ ያርከፈክፉበታል፤ እንጨቱ ቀስ ብሎ እንዲያብጥ። ያም ሆኖ ስትወርድ ታፈሳለች፤ ሳንቃው አብጦ እስኪገጥም ድረስ አንድ ሌሊት በክሬኑ ቀበቶ ላይ ተንጠልጥላ ታድራለች። አዲስ ገቢዎች ደንግጠው ሲሮጡ እሳቸው ወንበር አውጥተው ቡናቸውን ይጠጣሉ።

የበረዶውን ክብደት ሰው ይንቀዋል። አዲስ የወደቀ ደረቅ በረዶ በሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ቢመዝን ነው። ቀን ቀልጦ፣ ዝናብ ጠጥቶ፣ ሲረጥብ ግን 300 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሆናል። 30 ካሬ ሜትር በሆነ ጠፍጣፋ ሽፋን ላይ 20 ሳንቲ ሜትር እርጥብ በረዶ ተቀመጠ ማለት ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ሸክም ነው፤ አንዲት ፎልክቦት ከነኪሏ ከዚያ ብዙም አትበልጥም። ጣሪያው ቁልቁለት ከሌለው መጀመሪያ ትንሽ ጎድጓዳ ይፈጠራል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ይረጋል፤ ጎድጓዳው ያድጋል፤ አንድ ቀን ወራጁ ይሰበራል። መራገፍ ያለበት ከውስጥ ሆኖ በለስላሳ መጥረጊያ ወደ ላይ እየገፉ፣ ከግራም ከቀኝም ተራ በተራ ነው። በብርቱ ብርድ ላስቲክ እንደ ብስኩት ስለሚሰበር በአካፋ መምታት አያስፈልግም። አካፋ ይዞ የሚመጣ አለ፤ አይቻለሁ።

እና ደግሞ፣ እባካችሁ፣ የሽፋኑ ገመድ ጀልባዋን ደግፈው በቆሙት ብረቶች ላይ አይታሰር! እጅግ የሚመች ይመስላል፤ ብረቱ እዚያው አጠገብ አለ። ነፋሱ ግን ላስቲኩን ሲያነሳ ገመዱን ይስባል፤ ገመዱ መደገፊያውን ይነቀንቃል፤ መደገፊያው ሌሊቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ከቦታው ይሸሻል። ጠዋት ጀልባዋ ጎረቤቷ ላይ ተደግፋ ትገኛለች። ገመዱ በሆዷ ሥር አልፎ ከማዶ ካለው የሽፋን ጠርዝ ጋር ይታሰር፤ ግራና ቀኝ ያሉት መደገፊያዎችም በሰንሰለት እርስ በርስ ይያያዙ። ውሃ የሞላ ጀሪካን ማንጠልጠል የሚወዱም አሉ፤ ጀሪካኑ በነፋስ እየተወዛወዘ የጀልባዋን ገላ ሲጎስም ያድራል። ከሩቅ ስሰማው ጥርሴን ያመኛል።

ውሃ ላይ ስለሚያከርሙት ብዙ አልልም፤ ውሃውን ከሥር እየገፋ በረዶ እንዳይሠራ የሚያደርግ ፓምፕ አላቸው፤ ጥሩ ነው። ጀልባዎቻቸውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰጥማቸው ዙሪያቸውን የረጋው በረዶ ሳይሆን ከላይ የተከመረው ነው። ሸክሙ ጀልባዋን ወደ ታች ይጫናታል፤ በበጋ ከውሃው በላይ የነበረች ቀዳዳ፣ የማጠቢያው ወይም የፓምፑ መውጫ፣ ከውሃው በታች ትሆናለች፤ ውሃው በጸጥታ ይገባል። መሪው በሚያዝበት ጎድጓዳ መቀመጫ ያለችው የማፍሰሻ ቀዳዳም በየብስም ሆነ በውሃ ያው ናት። በጥቅምት የወደቀች አንዲት የበርች ቅጠል ትደፍናታለች፤ የቀለጠው በረዶ ይሞላል፣ ይረጋል፣ ከበሩ ሥር አድርጎ ጓዳ ይገባል። ቅጠሏን ለማንሳት የሚያስፈልገው ሁለት ጣት ነው።

ታኅሣሥ ላይ የቀኑ ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚቆይ በሥራ ቀን ጀልባን መጎብኘት ማለት በጨለማ መሄድ ማለት ነው። ቢሆንም ከከባድ በረዶ በኋላ፣ ከከባድ ነፋስ በኋላ፣ ብርዱ ሲሰበርም መሄድ ነው። ያ የአገሬ ልጅ አሁን ከእኔ ብሶ ይሄዳል፤ ሽፋኑን አፍርሶ ከተጣለ የእንጨት አልጋ ወራጅ ሠርቶለታል። ኋላና ፊቱ ክፍት ነው። በመጋቢት ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ ሞተሩ አላበውም» አለኝ፤ ልጅ የወለደ ሰው ድምፅ ነው።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ክሬኑ ተመልሶ ይመጣል፤ ሁሉም ይቸኩላል። በጥቅምት ክፍት የተተዉት ቫልቮች አሁን መዘጋት አለባቸው፤ ለክረምቱ የወጣው ኢምፔለር፣ ፓምፑ ውስጥ ውሃውን የሚገፋው የጎማ መዘውር፣ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ የቱቦ ማሰሪያዎች በጠመንጃ መፍቻ አንድ በአንድ መጥበቅ አለባቸው። ጀልባዋ ውሃውን ስትነካ ቀበቶው ሳይፈታ ባለቤቱ ወደ ውስጥ ወርዶ፣ የወለሉን ጣውላ አንስቶ፣ እያንዳንዱን ቫልቭ ሥሩን በደረቅ እጅ ዳስሶ፣ ከፍቶ ዘግቶ ሞክሮ፣ እንደገና ዳስሶ ነው የሚወጣው። ከኋላ ያለው ወረፋ ያጉረመርማል፤ ክሬኑን የያዘው ሰውዬም ይቆጣል። ይቆጣ።